“የአዛውንት ትዝታ ማስረጃ አይሆንም” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ዘንድ ደረሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓን በግዳጅ ስላሠራቻቸው ኮሪያውያንና ቻይናውያን ነው። ኮሪያ ያኔ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ጸሐፊው ተሳዳቢ አይደሉም። ያነበቡ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚሁ ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። የተረፉት ሰዎች ቃል ከሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣ የአዛውንት ትዝታ ነው፤ ሰነድ አይደለም። እውነት ከሆነ ለምን እስከ 1990ዎቹ ዝም አሉ? ደግሞም ተቀጥረው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ነው የሠሩት። ጉዳዩ በ1965 በገንዘብ ተዘግቷል። እዚያው ቦታ የኖሩ ሌሎች ሰዎች ተቃራኒውን ይመሰክራሉ። በመጨረሻም፣ እንዲህ ያለ ትዝታ ትርፉ ጥላቻ ብቻ ነው ይላሉ።

እንደ አመጣጣቸው ልመልስ። አንዳንዱ ላይ ቆየት እላለሁ፣ አንዳንዱን በሩጫ አልፈዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ልክ የሆኑበትን ልስጣቸው። ስለ ፎቶ የጻፉት አንቀጽ ትክክል ነው። በ2019 የደቡብ ኮሪያ የ6ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ የግዳጅ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ያወጣው ፎቶ የኮሪያውያን አልነበረም። በ1926 በሰሜን ጃፓኗ ደሴት በሆካይዶ በሥራ ቦታ የተሰቃዩ ጃፓናውያን ነበሩ። ሲታወቅ በላዩ ላይ ወረቀት ተለጠፈበት። ይሄ የሚያሳፍር ስህተት ነው፤ መታረሙም ደግ ሆነ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። እዚህ ጋ የዋሸው ሽማግሌ አይደለም። ያሳሳተን ፎቶ ነው። ፎቶ ደግሞ ጸሐፊው “ከሰው ቃል ይሻላል” ከሚሏቸው የማስረጃ ዓይነቶች አንዱ ነው።

“ትዝታ እንጂ ሰነድ የላቸውም”

የለም ማለትና ተቃጥሏል ማለት ይለያያል። በኦገስት 1945 ጃፓን እጅ ስትሰጥ በየመሥሪያ ቤቱ ወረቀት እንዲቃጠል ትእዛዝ ወጥቷል። ከተረፈው ውስጥ የአንዱን ታሪክ ብቻ ልንገራችሁ።

በ1946 የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከቻይና ተወስደው ስለመጡ ሠራተኞች ዘገባ አዘጋጀ። የራሱ የመንግሥት ዘገባ ነው። 38,935 ሰው፣ 135 የሥራ ቦታ፣ 6,830 ሟች። ከዚያ ዘገባው ድምፁ ጠፋ። ፓርላማ ውስጥ ሲጠየቁ ባለሥልጣናቱ ቅጂው እኛ ጋ የለም ይሉ ነበር። በ1993 ቶኪዮ ውስጥ አንድ የቻይናውያን ማኅበር እጅ ተገኘ። ያን ሁሉ ዓመት “የታል ሰነዳችሁ?” ሲባሉ የኖሩት ምስክሮቹ ናቸው።

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” የሚለውን ተረት እዚህ ጋ መወርወር ቀላል ነበር። ግን ልክ አይመጣም። የወጋው አልረሳም። ቆጥሮ፣ ጽፎ ነው የደበቀው።

አሁን አንድ ሰው ላምጣ። ሊዩ ሊያንረን ይባላል። ቻይና፣ ሻንዶንግ ውስጥ ገበሬ ነበር። በ1944 ከመንደሩ ተይዞ ተወሰደ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆካይዶ ወስደው የከሰል ማዕድን ውስጥ ከተቱት። ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በጁላይ 1945 ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር አመለጠ። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተያዙ። እሱ ተራራ ላይ ብቻውን ቀረ።

ጦርነቱ ማለቁን የነገረው ሰው የለም። ቋንቋው አይገባውም። ሰው ሲያይ ይሸሻል። በረዶው ሲመጣ ጉድጓድ ቆፍሮ እዚያ ውስጥ ይከተታል። የሆካይዶ በረዶ ደግሞ ጣራ የሚደርስ በረዶ ነው። እንዲህ እያለ 13 ዓመት ኖረ። በፌብሯሪ 1958 አንድ አዳኝ አገኘው።

ባለሥልጣናቱ ሲያዩት ቀድሞ የመጣባቸው ጥርጣሬ ምን ነበር መሰላችሁ? ሕገ ወጥ ስደተኛ ነው የሚል። መንግሥትም እነዚህ ሰዎች በሥራ ውል የመጡ ናቸው የሚለውን አቋሙን ያዘ። በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኪሺ ኖቡሱኬ ነበሩ። ቻይናውያን ሠራተኞች እንዲመጡ በኖቬምበር 1942 የወሰነው ካቢኔ ውስጥ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩትም እኚሁ ኪሺ ናቸው። ውሉን ከሊዩና ከኪሺ ማን የተሻለ ያውቀዋል፣ ለእናንተው ልተወው።

ሊዩ አገሩ ሲገባ፣ ሲወሰድ በእናቱ ሆድ የነበረው ልጅ ጎረምሳ ሆኖ ጠበቀው። በኋላ የጃፓንን መንግሥት ከሰሰ። ፍርዱን ሳያይ በ2000 ሞተ። በ2001 የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት 20 ሚሊዮን የን ይከፈል አለ። ይግባኙ ሻረው።

ጸሐፊው “ፍርድ ቤቶቹም አላመኗቸውም” የሚሉት ይሄን ይዘው ይመስለኛል። እዚህ ጋ ግን ተሳስተዋል። ለምሳሌ በኤፕሪል 2007 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሂሮሺማ አካባቢ በኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ የተሠቃዩ ቻይናውያንን ክስ ጣለ። የጣለው ግን ዋሽተዋል ብሎ አይደለም። በግድ መወሰዳቸውን፣ በግድ መሥራታቸውን እንደ እውነታ ተቀብሎ፣ በ1972 በጃፓንና በቻይና መንግሥታት ስምምነት ምክንያት የመክሰስ መብት የላቸውም ነው ያለው። ያ ብቻም አይደለም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ለተጎጂዎቹ መፍትሔ እንዲፈልጉም አሳሰበ። ሥራ ተቋራጩ ኒሺማጹ በ2009 ከ360 ሠራተኞች ጋር ታርቆ 250 ሚሊዮን የን አወጣ። በ2016 ደግሞ ሚትሱቢሺ ማቴሪያልስ ቻይናውያኑን ይቅርታ ጠይቆ ለያንዳንዳቸው 100,000 ዩዋን ሊከፍል ተስማማ። የማይረባ ወሬ ነው ብሎ የሚያምን ድርጅት ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ አይከፍልም።

“ለምን እስከ 1990ዎቹ ዝም አሉ?”

ይሄን ጥያቄ ጸሐፊው እንደ ማሸነፊያ ካርድ ነው የጣሉት። መልሱን ከአንዲት ሴት ሕይወት ማየት ይሻላል።

ያንግ ጉም-ደክ በ1944 የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ጃፓናዊው ርዕሰ መምህር “ጃፓን ብትሄዱ ትሠራላችሁ፣ ትምህርታችሁንም ትቀጥላላችሁ” አላቸው። ልጅ ናት፤ መማር ትፈልጋለች። የሄደችው ናጎያ፣ የሚትሱቢሺ የአውሮፕላን ፋብሪካ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አላየችም። የአውሮፕላን አካል ቀለም ስትቀባ ዋለች። ዲሴምበር 7፣ 1944 ናጎያን የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። ፋብሪካው ሲደረመስ ስድስት ኮሪያውያን ልጃገረዶች ሞቱ። እሷ ተጎድታ ተረፈች።

አገሯ ስትመለስ ምን ጠበቃት? ኮሪያ ውስጥ እነዚህ ልጆች የተመለመሉበት የድርጅት ስም በሰው አፍ ለወታደሮች ለወሲብ ባርነት ከተወሰዱት ሴቶች ጋር ተምታቶ ነበር። “ጃፓን ሄጄ ነበር” ያለች ሴት፣ ሰፈሩ የሚገምተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ትዳር ያላገኘች አለች። ትዳሯ የፈረሰባት አለች። እና ለማን ትናገር? ለባሏ? ለአማቷ? በላዩ ላይ ደግሞ አገሪቱን እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ የሚገዟት ወታደሮች ናቸው፤ ከጃፓን ጋር በ1965 የተፈረመውን ስምምነት መቃወም ራሱ ያሳስር ነበር።

ዝም ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አበሻ አለ? ስንቱ ቤት ውስጥ እናቶቻችን አፋቸውን ዘግተው የያዙት ነገር አለ። ሲናገሩት “እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?” ብሎ መጠየቅ ቀሽም ጥያቄ ነው።

“ደመወዝ ተከፍሏቸዋል”

ይሄ ነጥብ በግማሹ እውነት ነው፤ ያናደደኝም ግማሽነቱ ነው። አዎ፣ ወረቀት ላይ ደመወዝ ነበር። የት እንደገባ እንከተለው።

በ1943 ፒዮንግያንግ ውስጥ ኦሳካ ላለ የብረት ፋብሪካ የሠራተኛ ማስታወቂያ ወጣ። ሁለት ዓመት ሠልጥናችሁ የእጅ ባለሙያ ትሆናላችሁ ይላል። ወጣቶች አመለከቱ። ጸሐፊው “ፈቅደው ነው የሄዱት” የሚሉት ይሄን ነው። ፋብሪካው ሲደርሱ በወር ሁለት ሦስት የን የኪስ ገንዘብ ይሰጣቸዋል። የቀረው በስማቸው ባንክ ይገባል። የባንክ ደብተሩና ማህተሙ ግን የመኝታ ቤቱ አለቃ ኪስ ውስጥ ነው። ለምን ቢባል፣ ገንዘቡ እጃቸው ከገባ ያባክኑታል። መውጣት አይቻልም። ለማምለጥ የሞከረ ይደበደባል።

ዓረብ አገር ሠርታ የመጣች እህት ያለው ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ፓስፖርቱ ማዳሟ ጋ፣ ደመወዙ “ስትሄጂ እሰጥሻለሁ” ጋ። በውል መሄድና እንደ ሰው መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከኛ በላይ ማን ያውቃል?

ሊ ቹን-ሺክ ደግሞ ካማኢሺ የተባለ ቦታ የብረት ፋብሪካ ነበሩ። ልጅ እግር ሆነው ገቡ፤ ቤሳ አልተከፈላቸውም። በ1944 ወታደር ሁን ተብለው ኮቤ ተላኩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወዲያው አገራቸው አልገቡም። ደመወዛቸውን ሊጠይቁ ካማኢሺ ተመለሱ። ፋብሪካው የለም። የአሜሪካ መርከቦች ደብድበው ፍርስራሽ አድርገውታል። ቆሞ የሚያናግር ሰው እንኳ የለም። ይሄን ሰው “ተከፍሎታል” በሉኝ እስቲ።

ወደ ያንግ ልመለስ፤ አሁን ግን አንቱ ልላቸው ነው፣ አርጅተዋል። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ፋብሪካ እያሉ የጡረታ መዋጮ ከስማቸው ተቆርጦ እንደነበር የጃፓን መንግሥት መዝገብ ያሳይ ኖሯል። ሴቶቹ ተሟገቱ። በዲሴምበር 2009 ያ የጡረታ መዋጮ ተመለሰላቸው። ለያንዳንዳቸው 99 የን።

መቶ እንኳ አይሞላም። በዚያን ጊዜ ምንዛሪ አንድ ዶላር ገደማ ነው። የ65 ዓመቱ የዋጋ ንረት አልታሰበም፤ በ1944 ዋጋ ተቆጥሮ በ2009 ተከፈለ። የስድቡን መጠን እንተወውና አንድ ነገር እንይ። ያ 99 የን ደረሰኝ ነው። ልጅቷ እዚያ ፋብሪካ ውስጥ እንደነበረች፣ ስንት ወር እንደነበረች፣ መዝገቡ ከአሮጊቷ አፍ ጋር ተስማማ።

“በ1965 ተዘግቷል”

በ1965 ጃፓን ለደቡብ ኮሪያ 300 ሚሊዮን ዶላር በነፃ፣ 200 ሚሊዮን ደግሞ በብድር ሰጠች። ውሉ ጉዳዩ “ሙሉ በሙሉና ለመጨረሻ ጊዜ” አልቋል ይላል። ጸሐፊው እስከዚህ ትክክል ናቸው።

ገንዘቡ አውራ ጎዳና ሆነ፤ የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ ሆነ። አገር ለማልማት ጠቅሟል፣ አልክድም። በ1970ዎቹ የኮሪያ መንግሥት ለ8,552 ሟቾች ቤተሰብ ለያንዳንዱ 300,000 ዎን ሰጠ። በሕይወት ለተመለሱት ምንም። በሌላ አነጋገር፣ የተቀበለው ሌላ፣ የሠራው ሌላ። ይሄ የራሷ የኮሪያ ጥፋት ነው፤ ጸሐፊው ይሄን ቢሉ አብሬያቸው እቆም ነበር።

ሕጉን ካነሳን ደግሞ በኦገስት 1991 የጃፓን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባለሥልጣን የነበሩት ያናይ ሹንጂ ፓርላማቸው ውስጥ ምን አሉ? ውሉ መንግሥታቱ አንዱ በሌላው ላይ የሚያነሱትን ጥያቄ ዘጋ እንጂ የግለሰቡን መብት አላጠፋም አሉ። የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 30፣ 2018 የነዚያ የኦሳካና የካማኢሺ ብረት ፋብሪካዎች ወራሽ የሆነው ኒፖን ስቲል ለአራት ሰዎች ለያንዳንዳቸው 100 ሚሊዮን ዎን ይክፈል ሲል፣ ከአራቱ በሕይወት የነበሩት ሊ ቹን-ሺክ ብቻ ናቸው። 94 ዓመታቸው ነበር። ፍርድ ቤት የወጡት በተሽከርካሪ ወንበር ነው። ብቻዬን ቀረሁ ብለው አለቀሱ።

ኩባንያው አልከፈለም። በ2023 የኮሪያ መንግሥት ሌላ መላ አመጣ፤ አንድ የኮሪያ ፋውንዴሽን ይክፈል አለ። ለፋውንዴሽኑ ገንዘብ ከሰጡት ዋነኛው ፖስኮ ነው፤ ያ በ1965ቱ ገንዘብ የተሠራው የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ። ገንዘቡ 58 ዓመት ዞሮ ከራሳቸው ኪስ ወጣ ማለት ነው። ሚትሱቢሺን የከሰሱት ያንግም መጀመሪያ በረሃብ ብሞትም ይሄን አልቀበልም ብለው ነበር። በ2024 ክፍያው ተፈጸመ። ሊ ቹን-ሺክ በ2025 መጀመሪያ ላይ አረፉ።

“ሌሎች ምስክሮች ተቃራኒውን ይላሉ”

ናጋሳኪ አጠገብ ሃሺማ የምትባል ደሴት አለች። 480 ሜትር በ160 ሜትር ነች፤ በእግር ዞረህ ሻይ ሳይበርድ ትመለሳለህ። የሚትሱቢሺ የከሰል ማዕድን ነበረች። በ2015 ከሌሎች ቦታዎች ጋር የዓለም ቅርስ ሆና ስትመዘገብ የጃፓን ተወካይ በ1940ዎቹ ብዙ ኮሪያውያንና ሌሎች ሰዎች ያለፈቃዳቸው መጥተው በከባድ ሁኔታ በግድ መሥራታቸውን አምነው፣ ተጎጂዎቹን እናስታውሳለን ብለው ቃል ገቡ። በ2020 ቶኪዮ ውስጥ የተከፈተው፣ ስለ ቅርሶቹ የሚያስረዳው ማዕከል ግን “አድልዎ የሚባል አላየንም” የሚሉ የቀድሞ ነዋሪዎችን ቃል ነው ያስቀደመው። በ2021 የቅርስ ኮሚቴው በዚህ በጣም ማዘኑን ጽፎ አሳወቀ።

ጸሐፊው የሚጠቅሱት የነዚህን ነዋሪዎች ቃል ነው። ውሸታሞች ናቸው አልልም። ከነሱ ውስጥ ስሙ የገነነው በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበር። ጎረቤት ያቀፈው፣ ጓሮ የተጫወተ ልጅ “ደስ ይል ነበር” ቢል እውነቱን ነው። ግን በዚያችው ደሴት ሶ ጆንግ-ዉ የሚባል የ14 ዓመት ልጅም ነበር፤ ከኮሪያ ተወስዶ ማዕድን ውስጥ የገባ። የዘይቱ የወጣለትን የአኩሪ አተር ፋጉሎ ይመገብ ነበር። ሆዱ ታሞም ይወርዳል። ከሥራ ሲወጣ የባሕሩን መከላከያ ግንብ ይዞ ወደ ኮሪያ አቅጣጫ ያያል። ዘልዬ ልግባ ብሎ ስንቴ እንዳሰበ አርጅቶ ተናግሯል። ሁለቱም ምስክሮች ናቸው። ግን አንዱ ስለ ግቢው፣ ሌላው ስለ ጉድጓዱ ነው የሚያወራው። ስለ ጉድጓዱ መጠየቅ ያለበት የወረደው ነው።

ደግሞ ጸሐፊው እዚህ ጋ የራሳቸውን ወጥመድ ረገጡ። የአዛውንት ትዝታ ማስረጃ ካልሆነ፣ የነዚህኛዎቹ አዛውንቶች ትዝታ በምን ሒሳብ ማስረጃ ሆነ?

“ትርፉ ጥላቻ ነው”

ያማጉቺ ግዛት ውስጥ ኡቤ የምትባል ከተማ አለች። ባሕር ዳር ቆሞ ወደ ውኃው ለሚያይ ሰው ሁለት ክብ የሲሚንቶ ምሰሶዎች ከባሕሩ ብቅ ብለው ይታያሉ። ከሩቅ የፈረሰ ድልድይ ይመስላሉ። የቾሴይ ከሰል ማዕድን አየር መተንፈሻዎች ናቸው። ማዕድኑ ከባሕሩ ሥር ነበር። ጣሪያው ከመሳሳቱ የተነሳ የዓሣ ጀልባ ሞተር ከላይ ሲያልፍ ታች ይሰማ ነበር ይላሉ የሠሩበት ሰዎች።

ፌብሯሪ 3፣ 1942 ጠዋት ጣሪያው ተደረመሰና ባሕሩ ገባ። 183 ሰው አለቀ። 136ቱ ኮሪያውያን፣ 47ቱ ጃፓናውያን ናቸው። አስከሬን አልወጣም። የማዕድኑ አፍ ተደፈነ፣ ላዩ ላይ ሣር በቀለ።

በ1991 የአካባቢው ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። ጃፓናውያን ናቸው፣ ልብ በሉ። የያዙት ሥራ ሦስት ነበር፤ ምሰሶዎቹ እንዳይፈርሱ መጠበቅ፣ የተረፉትን ሰዎች ቃልና ሰነድ መሰብሰብ፣ የሟቾቹን ስም ሁሉ የያዘ መታሰቢያ ማቆም። በሟቾች ዝርዝር ላይ ወዳገኙት የኮሪያ አድራሻ ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው አድራሻ ነው። ከአንዳንዱ ቤት መልስ መጣ። ልጆች መጡ፣ የወንድም ልጆች መጡ፤ ባሕሩ ዳር ቆመው አባታቸውን ተጣሩ። መታሰቢያው በ2013 ቆመ።

አጥንቱን እናውጣ ሲሉ መንግሥት የት ቦታ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንዳለ ስለማይታወቅ አይቻልም አለ። እነሱ ከሰው ገንዘብ አዋጡ። በሴፕቴምበር 2024 ኤክስካቫተር አስመጥተው ቆፈሩ። በእንጨት የተደገፈው የማዕድኑ አፍ ወጣ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው፤ ጎንበስ ሳይሉ አይገባም። ጠላቂዎች በጨለማው ውኃ ውስጥ ደጋግመው ገቡ። ብዙ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

ኦገስት 25፣ 2025 ሁለት ከኮሪያ የመጡ ጠላቂዎች አጥንት ይዘው ወጡ። በማግስቱ የራስ ቅል አወጡ። ፖሊስ መርምሮ የሰው ነው አለ። የማን እንደሆነ ያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። ስሙ ግን ከ183ቱ አንዱ ሆኖ ከ2013 ጀምሮ ድንጋዩ ላይ ተጽፏል።